የአገርነሽ ባለ አሥራ ዘጠኝ ቸርኬ

አገርነሽ ተሳስቻለሁ ብላ አታውቅም። በአንድ ኮሌጅ፣ በአንድ የመምህራን ክፍል፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ገጥመን ብዙ ዓመት ሠርተናል፤ እሷ የምግብ ዝግጅት ታስተምራለች፣ እኔ ልብስ ስፌት። አንድ ጊዜ በተማሪዎቿ ፊት ኬክ ስትሠራ በስኳሩ ፈንታ ጨው ሞጀረችበት። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይደፋው ነበር። አገርነሽ ግን ትልቅ ቁራጭ ቆርጣ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ እስከ መጨረሻው ዋጠችና፣ «ይሄ የጨው ኬክ ይባላል፤ ከቢራ ጋር ነው የሚቀርበው» አለች። ተማሪዎቹ ጻፉ። በፈተናም መጣ።

የእኔ ስም ሚስጥር ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው እንጂ በጠባዬ የለሁበትም፤ ስለዚህ ያየሁትን አንድም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ።

የቀድሞ ባሏ አካሉ ይባላል፤ እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ አይማታም፣ ሌላ ሴትም አያይም። የእሱ ጥፋት ማስረዳት ነው። ሻይ ስታማስሉ ስኳር እንዴት እንደሚሟሟ ያስረዳችኋል። ዝናብ ሲመጣ ዝናቡን ያስረዳል፣ ሲያባራም ለምን እንዳባራ ያስረዳል። ለፍቺ ሲቀመጡ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ልጄ፣ ምን በደለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አስረዳኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አካሉ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እዚህ ላይ እንኳ አንድ ነገር ባስረዳ...» ብሎ ሲጀምር ሰብሳቢው እጃቸውን አንሥተው፣ «በቃ፣ ገብቶናል» አሉ። በዚያው ተፋቱ።

ከፍቺው በኋላ አገርነሽ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ቀጥላም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዛ ተነሣች። አዲስ ስትል ወንበሩ ከነላስቲኩ ያለ፣ ማንም ተቀምጦ ያላስረዳበት ማለቷ ነው። ምርጫ ላይ አብሬያት እንድሆን ይዛኝ ሄደች። ሻጩ ቴዎ የሚባል ጠባብ ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ አዲስ አበባ አንድ ክረምት የከረመ፣ አንደበቱ ግን እስካሁን ከዚያ ያልተመለሰ።

«እትዬ» አላት፣ «መኪናው ያው ነው፤ ምርጫው እግሩ ላይ ነው። ይሄ ባለ አሥራ ስድስት ኢንች ቸርኬ ነው፣ ጎማው ወፈር ያለ። ያኛው ደግሞ ባለ አሥራ ዘጠኝ ነው። እሱማ ሌላ ነው፤ ሙድ አለው!»

እውነቱን ነው። ባለ አሥራ ዘጠኙ እንደ ጸናጽል ያብለጨልጫል፤ ብረቱ ሰፊ፣ ጎማው ደግሞ በዙሪያው እንደ ቀለበት የተጠለቀች ቀጭን ላስቲክ። ባለ አሥራ ስድስቱ ግራጫ ነው፤ ጎማውም ጠግቦ ያደረ በሬ ይመስላል። አገርነሽ ዞር ዞር ብላ አየችና ወፍራሙን በጫማዋ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ «ይሄ ይሻላል፤ ሥጋ አለው» አለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ወሬ የማወራችሁም ባልሆንሁ።

በዚህ መሀል አካሉ ከበር ገባ። በባሕር ዳር ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል፤ ማን እንደነገረው ማጣራት ድካም ነው። ሰላም እንኳ ሳይላት፣ «አገርነሽ፣ ትንሹን ውሰጅ» አለ። «ለምን ብትይ...»

«ለምን አላልሁም።»

«ለምን ብትይ፣ የጎማው ጠቅላላ ቁመት በሁለቱም ያው ነው። ብረቱ ሲተልቅ ላስቲኩ ይሳሳል። ላስቲክ ማለት ለመኪና ትራስ ማለት ነው። ትራሱን ቀንሰሽ የኛን ጉድጓድ ስትገቢበት ምቱን ብረቱ ይቀበለዋል፤ ብረቱ ሲችል ችሎ ሳይችል ይሰነጠቃል። ደግሞም ትልቁ ይከብዳል፤ ባትሪውን ይበላል።»

«ይብላ! አንተም ስትበላኝ ኖረሃል።»

«ነገሩን በሚዛን እንየው። በአስፋልት ላይ ብቻ የምትነጂ ቢሆን...»

የአገርነሽን ፊት አየሁት። ትክክል እንደተናገረ አውቃለች። እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ቢሳሳት ትስቅበት ነበር፤ ትክክል የሆነ ቀን ግን አካሉ አይቻልም።

«ቴዎ» አለች፣ «ትልቁን ግጠምልኝ።»

«እትዬ፣ አሁን ትንሹን አላሉም...?»

«ትልቁን!»

«እሺ፣ ተነቅለው የሚቀሩት ትንንሾቹስ ምን ይደረጉ? ከመኪናው ጋር የመጡ ናቸው፤ የእርስዎ ናቸው።»

«ለፈለገ ስጥ» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አካሉ እዚያው ቆሞ ቀረ። እኔም ተከትያት ወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ፣ በዘንባባዎቹ ሥር፣ መስኮት ከፍተን ስናልፍ የባጃጅ ልጆች ያፏጫሉ። «ማዘር፣ ቸርኬው ገደለን!» ይሏታል። አገርነሽ ሃምሳን ካለፈች ወዲህ ያፏጨላት ሰው ስላልነበር ቸርኬው ይሁን እሷ ብላ አልመረመረችም። አንገቷ ረዘመ። ኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው መኪናውን በእጁ እያሻሸ ያስገባት ጀመር።

ቂጣችን ግን መከራውን አየ። መኪናዋ የመንገዱን ነገር አንድም አትደብቅም። አንዲት ሳንቲም ወድቃ በላይዋ ብናልፍ ዘውድ ይሁን ጎፈር መለየት እንችል ነበር። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስንወጣ ጥርሴ ውስጥ የተሞላው ነገር ወልቆ እጄ ላይ ወደቀ።

«አገርነሽ፣ መኪናው ትንሽ አልደረቀም?» አልኋት።

«መኪና መንገዱን በግልጽ ሲነግርሽ ነው ጥሩ» አለችኝ። «የምትለሰልሰዋ ታታልላለች።»

እንዲህ ስንል ክረምቱ ሊወጣ ሆነ። አካሉ እናት አሉት፤ እማሆይ ፅጌ ማርያም። ቁንዝላ፣ ከሐይቁ ማዶ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ጎን በምትገኝ ጎጆ ይኖራሉ። አገርነሽ ባሏን ስትፈታ እሳቸውን አልፈታችም፤ እማሆይም «ከልጄ ተለያየሽ እንጂ ከእኔ ጋር መቼ ተጣላን?» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ስለነበር አገርነሽ ወስጄ ባሕር ዳር አሳክማቸዋለሁ ብላ፣ መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ሰሞን እኔን አስከትላ ተነሣች።

መራዊን አልፈን ዱርቤቴ እስክንደርስ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ወደ ቁንዝላ ስንታጠፍ አስፋልቱ ተሰናበተን። አገርነሽ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ እየመረጠች፣ እንደ ቅምጥል ሙሽራ እየተራመድን ሄድን። አህያ የጫኑ ሰዎች ቀደሙን። ቀድመው ሄደውም ቆመው ጠበቁንና ሰላምታ ሰጡን። እንደምንም ቁንዝላ ደረስን።

እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ነበሩ። መኪናው ዘንድ አደረስናቸው። ቸርኬውን በእጃቸው ዳሰው፣ «ብረቱ ሰፊ ነው፤ ምጣድ ነው እንዴ?» አሉ። አገርነሽ ክንዳቸውን ይዛ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

ከከተማዋ እንደወጣን ጉድጓድ ገባን። ውኃ ሞልቶት ስለነበር ሜዳ ይመስላል። የፊቱ የቀኝ እግር ገባና «ጷ!» አለ። አገርነሽ ደንግጣ የፍጥነት መርገጫውን ይበልጥ ረገጠችው፤ የኋላውም የወንድሙን ፍኖት ተከትሎ ገባና «ጷ!» አለ። መኪናዋ በቀኝ ጎኗ ጋደም አለች።

«ደረስን?» አሉ እማሆይ።

ወርደን አየን። ሁለቱም ጎማዎች ጎናቸው ተተርትሯል፤ ሁለቱም ቸርኬዎች ተሰንጥቀዋል። ትርፍ ጎማ ፍለጋ የኋላውን ከፈትን። ትርፍ ጎማ የለውም። ያለው አንዲት ትንሽ መንፊያና ነጭ ሙጫ የያዘ ጠርሙስ ብቻ ነው። አገርነሽ ተስፋ የምትቆርጥ ሴት አይደለችም፤ ሙጫውን በጎማው አፍ ጨመቀችው። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ተንዠቀዠቀ።

እማሆይ በደካማ ዓይናቸው አተኩረው፣ «ነጭ ነገር ምንድን ነው የሚፈሰው?» አሉ።

«ሙጫ ነው፣ እማሆይ።»

«አይ፣ እኔስ መኪናሽ ጡት የምታጠባ መስሎኝ።»

የቁንዝላው ጎሚስታ ገድሉ ተጠርቶ መጣ። የኢሱዙና የሞተር ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ነው። የተተረተረውን ላስቲክ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና፣ «እኅቴ፣ ይሄ ጎማ አይደለም፤ ካልሲ ነው» አለ። ሰዉ ተሰብስቦ ነበርና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አገርነሽ ስታየኝ ግን ሳል አስመሰልሁት።

እንግዲህ ምን ይሁን? እንዲህ ያለ የጎማ ቁጥር እንኳን ቁንዝላ ባሕር ዳርም ከሻጩ በቀር የለም። እማሆይ፣ «ለአካሉ ደውይለት» አሏት።

«ለእሱ ከምደውል መኪናውን ተሸክሜ በእግሬ እገባለሁ።»

«በይ ተሸከሚው» አሉና ከቀሚሳቸው ኪስ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡ። «እኔ እናቱ ነኝ። ለልጄ ብደውል ማን ይከለክለኛል? ሚስጥር፣ ቁጥሩን ምቺልኝ።»

ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ስልኩ ሁልጊዜ በጩኸት ነው የሚናገረው። አካባቢው ሁሉ ሰማ። እማሆይ፣ «አካሉ፣ የአገርነሽ መኪና በቀኝ በኩል ሽባ ሆናለች። ሁለት እግሯ ነው የሄደው» አሉት።

ያስረዳል ብለን ጠበቅን። አካሉ ግን ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ትንንሾቹ እኔ ጋ አሉ» አለ።

«ምኖቹ?»

«ባለ አሥራ ስድስቶቹ። ያን ቀን ቴዎ ለፈለገ ስጥ ሲባል... ወሰድኋቸው። አልጋ ሥር ናቸው። ነገ ጠዋት በጀልባ አመጣቸዋለሁ።»

አገርነሽ ወደ ሐይቁ ዞራ ቆመች። «አልጋ ሥር?» አለችኝ። «ከነአቧራቸው ይሆናል ያስቀመጣቸው።» ድምጿ ግን ከሌላው ጊዜ የተለየ ነበር።

እዚያው እማሆይ ጎጆ አደርን። ጠዋት እማሆይ ከሁላችን ቀድመው ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተገኙ። ጀልባው ከሩቅ ብቅ አለ፤ ሰውና ጆንያ ጢም ብሎ። በአንደኛው ጎማ ላይ አንድ መነኩሴ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ በሌላው ላይ ፍየል ታስራለች። በመካከላቸው አካሉ አለ። ሐይቅ ዳር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ውኃ ላይ ሲወጣ ግን ሆዱ አይችልም፤ ፊቱ የጎመን ውኃ መስሏል። የሞገድን ምክንያት ለማስረዳት አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ እንደነበርና ከአፉ የወጣው ሌላ ነገር እንደሆነ መነኩሴው በኋላ ነገሩን።

እግሩ መሬት ሲነካ እማሆይ ክንዱን ያዙት። «ስማኝ፣ አካሉ። ‹ብዬሽ ነበር› የምትል ቃል ከአፍህ ብትወጣ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ።»

«እማሆይ፣ እኔ እኮ...»

«ይፋረድህ ብያለሁ!»

አካሉ ከንፈሩን ነከሰ። ጎማዎቹን በጋሪ አስጭነን መኪናዋ ዘንድ ደረስን። ክሪኩን ከሥሯ አስደገፈና አራቱንም በተራ መለወጥ ጀመረ። እንዲህ ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም፤ የግንባሩ ሥር ተገትሯል። ከኪሱ አንድ ፌስታል ብሎን አወጣ፤ የትልቁ ቸርኬ ብሎን ለትንሹ ስለማይሆን የመጀመሪያዎቹን ጭምር ይዞ መጥቶ ኖሯል። አንዱን ብሎን ብድግ አድርጎ አፉን ከፈተ። እናቱን አየ። አፉን ዘጋ።

አገርነሽ እጇን አጣምራ ስታየው ቆየች። በመጨረሻ፣ «በል ተናገር» አለችው።

«ምኑን?»

«የብሎኑን ነገር። ልትፈነዳ ነው እኮ።»

አካሉ ወደ እናቱ ዞረ። እማሆይ፣ «ስለ ብሎን አልከለከልሁም» አሉ።

የዚያን ጊዜ እንደ ክረምት ዓባይ ወረደ! የብሎኑ ጫፍ ለምን ሾጠጥ እንዳለ፣ ለምን በመስቀለኛ መጥበቅ እንዳለበት፣ ጎን ለጎን በተራ ቢጠብቅ ምን እንደሚመጣ፤ ከባሕር ዳር ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ። ፊቱ ቀለም አገኘ። አገርነሽ ቆማ ሰማችው። ሲጨርስ ብሎን አቀበለችውና እንዲህ አለች፦ «ግን አንድ ነገር እወቅ። ትንሹን ከአንተ በፊት የመረጥሁት እኔ ነኝ። አንተ ከመግባትህ በፊት። ሚስጥር ምስክሬ ናት።»

«እውነት ነው?» አለኝ አካሉ።

«እውነት ነው» አልሁ። «‹ሥጋ አለው› ብላ ነበር።»

አካሉ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ እኔ ባልመጣ ኖሮ...?»

«አዎ! አንተ ባትመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

እንዲህ አድርጋ ጥፋቱን ሙሉ ለሙሉ እሱ ላይ ጣለችው። እሱም በሚዛን አየውና የሚከራከርበት ቀዳዳ አጣ። እማሆይ ሳቃቸውን ለመደበቅ አማተቡ። ከዚያ አካሉ ራሱ መሳቅ ጀመረ፤ ቀጥላ አገርነሽ። ጋሪውን የሚነዳው ሰውዬ ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አብሯቸው ሳቀ።

ስንመለስ መኪናዋ ለስልሳ ሄደች። እማሆይ የፊቱን ወንበር ለማንም አልለቅም ስላሉ አካሉ ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። እስከ መራዊ ድረስ የጎማ አየርና የባትሪ ጉዳይ አስረዳኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እሱ ማቆሙን ግን አላውቅም።

የእማሆይ ዓይን ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው በተነሣላቸው ጊዜ ሁለቱም አልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። እማሆይ አንዱን አዩ፣ አንዷን አዩ። «ጉድ ነው» አሉ፣ «እንዲህ አርጅታችሁ ነው እንደ ልጅ የምትጣሉት?»

ሰፈሩ ታርቀው ሊጋቡ ነው ብሎ አወራ። አልተጋቡም። አገርነሽ ትንንሾቹን ቸርኬዎች ለምን እንዳደረገች ለሚጠይቃት ሁሉ፣ «ትልቁ የወጣት ነገር ነው፤ ሰለቸኝ» ትላለች፤ ኮሌጅ ውስጥም አንድ ሁለት ሰዎች ከእሷ ሰምተው ባለ አሥራ ስድስቱን ገዙ። ያልተሰነጠቁትን ሁለቱን ትልልቅ ቸርኬዎች ቴዎ መልሶ ወሰዳቸው።

አካሉ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የጎማ አየር መለኪያ ይዞ ይመጣል። ባለፈው እዚያ ነበርሁ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲለካ አገርነሽ ነጭ ሽንኩርት የምትልጥበትን ሳህን ይዛ ወጣች።

«እንዴት ነው?»

«ትንሽ ጎድሏል።»

«ጠብቅ አድርገህ ሙላው።»

«በጣም ማጥበቅም ጥሩ አይደለም፤ ለምን ብትይ...»

አገርነሽ በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። እሱ አስረዳ፤ እሷ ላጠች። ሳህኑ ሊሞላ ሲል ቀና ብላ፣ «ጨረስህ?» አለችው።

«ገና ነኝ» አለ።